ባለ 5 ዋት ሌዘር ለድንኳን ሠርግ ይሆናል?

ዲጄ ዘ ኮዬ፦ ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው የምሠራው። በቅርቡ ባለ 5 ዋት ሌዘር ገዝቻለሁ። ግንቦት ላይ የድንኳን ሠርግ ይዣለሁ። ሻጩ «ጨረሩ ስለሚንቀሳቀስ ዓይን አይጎዳም» ብሎኛል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ወደ ሰው ብለቀው ችግር አለው? ልጆችም ይኖራሉ።

መብራት ሠሪው፦ ወንድሜ፣ ቀድመህ መጠየቅህ ደስ ይላል። ወደ ሰው በፍጹም እንዳትለቀው! ከ500 ሚሊዋት (ግማሽ ዋት) በላይ ያለው ሁሉ ክላስ 4 ነው፤ የመጨረሻው የአደጋ ደረጃ። ያንተ የዚያ 10 እጥፍ ነው። ሰው ደንግጦ ዓይኑን እስኪጨፍን ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይሄ ጨረር ግን ከዚያ በፊት ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ያቃጥላል። የተቃጠለ ሬቲና ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

የሻጩን ነገር እንተወው። ቅርጹን የሚስሉት ውስጥ ያሉት ትንንሽ መስታወቶች ናቸው፤ በፍጥነት እየተወዛወዙ ጨረሩን ያዞሩታል። እነሱ ቀጥ ካሉ ያ ሁሉ ኃይል አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። ነጥቡ የሕፃን ዓይን ላይ ቢሆንስ?

ድንኳን ስትል ትዝ ያለኝን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሞስኮ ወጣ ብሎ በተካሄደ የሙዚቃ ድግስ ሌዘሩ የታሰበው ለሰማይ ነበር። ዝናብ መጣ፣ ድንኳን ተዘረጋ፣ ጨረሩ ሕዝቡ ላይ አረፈ። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ዓይናቸው ተጎዳ። የኛም ግንቦት ዝናብ አያጣውም።

አሜሪካ ውስጥ ጨረሩ ሰው ከሚቆምበት ወለል ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠየቃል። እኛ ጋ ሙሽራውን ትከሻ ላይ አውጥተው ይጨፍራሉ፤ ስለዚህ እኔ ከዚያም በላይ ነው የማደርገው። ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ መስታወት ወይም የሚያብለጨልጭ ጌጥ ካለ ጨረሩን መልሶ ሰው ላይ ይረጨዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ሌዘሩ በራሱ እንዳይነሳ ቤትህ ሞክረው። በራሱ የሚነሳ ከሆነ ለሥራ አታውጣው። ማጥፊያው እጅህ ላይ ይሁን፤ ለረዳት አትስጥ።

ቪዲዮ ማን፦ ካሜራም አይተርፍም። አንድ ሠርግ ላይ ጨረሩ ሌንሴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በምቀርጸው ሁሉ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ሴንሰሩ ተቃጥሏል አሉኝ። እባካችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩን።

ዲጄ ዘ ኮዬ፦ እናመሰግናለን። ድንኳኑን ለካሁት፤ ጣሪያው 3 ሜትር አይሞላም። ውጭ ወደ ሰማይ ብለቀውስ?

መብራት ሠሪው፦ እሱም አይሆንም። ጨረሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን አብራሪ ላይ ቢያርፍ ዓይኑን ያጥበረብረዋል። ለዚህ ሠርግ ሙቪንግ ሄድ (ጭንቅላቱ የሚዞር፣ ሌዘር ያልሆነ የመድረክ መብራት) ተከራይና ጭስ ጨምርበት። ቤተሰቡ ሌዘር ካሉህ ምክንያቱን አስረዳቸው። ልጆች አሉ ስትላቸው ማንም አይከራከርህም።