ማክሰኞ ግምገማ አለ፣ የቤት ትምህርቱ ሐሙስ ላይ ቆመ። እርዱኝ!

የማሙሽ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሰኞ የጀመርነው የቤት ትምህርት ሐሙስ ላይ ቆመ። ከጠዋቱ 8 እስከ 2 ሰዓት ፕሮግራም አውጥቼ ነበር፣ ልጁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ፊደል ሲጽፍ የ«ሉ» እና የ«ቡ»ን ቅጥያ በግራ በኩል ነው የሚያወጣው። «የበልግ ሳምንት» ብዬ የቅጠል ቀለም በቡና ማጣሪያ ወረቀት ልንለይ ሞከርን፣ አረንጓዴ ብቻ ወጣ። እዚህ አሜሪካ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ማክሰኞ የካውንቲው ገምጋሚ የቤት ትምህርቱን ፋይል ልታይ ነው፣ የማሳየው የለኝም!!

ሰፈርተኛው፦ ዕድሜው ስንት ነው? የትኛው ስቴት?

አባ ቡና፦ ከ8 እስከ 2 በማን ሰዓት? በኛ ከሆነማ ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ ጠረጴዛ ሥር ቢገባ አይፈረድበትም 😂

የማሙሽ እናት፦ 6 ዓመት። ሜሪላንድ።

ዘመን ቆጣሪ፦ በመጀመሪያ ርዕሱን አስተካክይ እህቴ። በልግ በአገራችን ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ነው። አሁን ያለንበት መጸው ይባላል፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ቀጥሎ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ከዚያ ጸደይ እስከ ሰኔ 25፣ የቀረው ክረምት። መዝገበ ቃላቱ የፈረንጁን ወቅት «በልግ» ብሎ ስለተረጎመው ልጆቹ ሁለቱን አገር አንድ ያደርጉታል። እዚህ ቅጠል ሲረግፍ እዚያ እህል እየደረሰ ነው። ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ አሠሪው፣ ለማኅበራዊ ትምህርት አንድ ገጽ ይሆንልሻል።

አባ ቡና፦ ሴትዮዋ እሳት ላይ ናት፣ አንተ የወቅት ስም ታርማለህ። ለማንኛውም በጥቅምት አንድ አጥንት አብሉት።

ሰፈርተኛው፦ ገጽ ይሆናል ያለው ግን ልክ ነው። የሜሪላንድ ደንብ የሚጠይቀው ስምንት ትምህርት ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት። ስምንት መለያ ያለው ክላሰር ያዢ፣ በየመለያው ቀን የተጻፈበት ሁለት ሦስት ወረቀት ይግባ። የከሸፈው የቅጠል ሙከራም ሳይንስ ነው፤ ወረቀቱን ለጥፊና «ምን ጠበቅን፣ ምን ሆነ» ብሎ በራሱ እጅ አንድ መስመር ይጻፍበት። መናፈሻ ሲሮጥ ፎቶ ካለሽ ስፖርት ነው። አማርኛው ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር መግለጫ ጻፊ፣ ገምጋሚዋ ፊደል አታነብም፤ የእንግሊዝኛውን መለያ ግን አይተካልሽም። ጉድለት ቢገኝ እንኳ በጽሑፍ ይነገርሽና ማስተካከያውን የምታሳይበት 30 ቀን አለሽ። ማክሰኞ የዓለም ፍጻሜ አይደለም።

ሰፈርተኛው፦ እውነቱን ልናገር፣ ለምን ትምህርት ቤት አታስገቢውም? ነጻ ነው፣ ምሳ አለ።

የመንታ እናት፦ እሱን አልጠየቀችም። ስድስት ሰዓት ግን ለ6 ዓመት ልጅ በጣም ብዙ ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዓት ሰልፉን፣ ምሳውን፣ የሌላውን ልጅ ተራ መጠበቁን ሁሉ ይጨምራል። ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል፣ ያውም 10 እና 15 ደቂቃ እየተቆረጠ። ከባዱን (ንባብና ሒሳብ) ከቁርስ በኋላ አስቀድሚ። ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ከሆነ ጠዋት በፈረንጁ 7 ላይ ጀምሪ፣ 9 ላይ ጨርሳችሁ ውጡ። እንቅልፉን ደግሞ በየማታው 15 ደቂቃ እያዘገየሽ አስተኚው፣ በአራት ቀን ይስተካከላል።

የኔታ ዘ ቨርጂኒያ፦ የፊደሉ ችግር ቀላል ነው። በ6 ዓመት መገልበጥ ያለ ነገር ነው፣ አትቆጪው። ከ«ሀ» አትጀምሪ፣ ቤተሰቡ ያፈነግጣል። በ፣ ሰ፣ ለ፣ ከ ይቅደሙ፣ እግራቸው ይመሳሰላል። ካዕብ ቅጥያው በቀኝ ወገብ ላይ ነው (ቡ ሱ ሉ ኩ)፣ ሣልስ በቀኝ እግር ጫፍ (ቢ ሲ)፣ ኃምስ እዚያው ቀለበት (ቤ ሴ)። ሦስቱም በቀኝ! ስለዚህ በቀኝ አንጓው ላይ ቀይ ክር እሰሪለትና «ቅጥያው ወደ ክሩ» በይው። ራብዕ ቀኝ እግሩ ይረዝማል (ባ ሳ)፣ ሳብዕ ግራው (ቦ ሶ)፤ «ሎ» ያምጻል። ሳድስ (ብ ስ) ሥርዓት የለውም፣ በቃሉ ይያዝ። ቀጥሎ ቆብ ያደረጉትን አሳዪው፦ ሰ-ሸ፣ ተ-ቸ፣ ነ-ኘ፣ ደ-ጀ፣ ዘ-ዠ፣ ከ-ኸ። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆብ ይገኛል። «ጨ» ቆብ የለውም፣ ከ«ጠ» የሚለየው በእግሩ ነው።

ዘመን ቆጣሪ፦ ከሀ አትጀምሪ? ስንት ትውልድ ሀ ሁ በዜማ ቆጥሮ አልፏል።

የኔታ ዘ ቨርጂኒያ፦ በዜማ ይቁጠር፣ ማን ከለከለው። የምለው ስለ እጁ ነው።

ሠርኬ፦ ትሪ ላይ ጤፍ አፍስሰሽ በጣቱ ይጻፍ።

አባ ቡና፦ በዚህ የጤፍ ዋጋ? ፊደሉን ሳይጨርስ ቤቱ ይሸጣል። ጨው ይበቃል።

ሠርኬ፦ እሺ ጨው፤ ግማሽ ሴንቲሜትር ውፍረት፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት። ከበዛ ጣቱ ከሥሩ አይደርስም፣ መስመሩ አይታይም።

የመንታ እናት፦ ቅጠሉን ማንም አልመለሰላት። አረንጓዴ ብቻ የሚወጣው ወይ ቶሎ ስታነሺው ነው፣ ወይ ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ሲሰምጥ። ቢጫው ድሮም ቅጠሉ ውስጥ አለ፣ ቀኑ ሲያጥር አረንጓዴው እየፈረሰ ስለሚሄድ ነው የሚገለጠው። ቀዩ ግን በዚህ ወቅት ከስኳር የሚሠራ አዲስ ነው። አምስት ስድስት ቅጠል አድቅቀሽ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሪ፣ የፋርማሲ አልኮል እስኪሸፍነው ብቻ። በፕላስቲክ ክደኚ፣ የቧንቧ ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ውሃው ሲበርድ ቀይሪ። ምድጃ ላይ በፍጹም፣ ትነቱ እሳት ይይዛል። አልኮሉን አንቺ ያዢ፣ መስኮት ክፈቺ። ሁለት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ወረቀት እርሳስ ላይ ለጥፊና እርሳሱን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሚው፣ የወረቀቱ ጫፍ ብቻ ፈሳሹን ይንካ። አንድ ሰዓት ጠብቂ፤ ቢጫው ከአረንጓዴው ከፍ ብሎ ይወጣል።

ሠርኬ፦ ጨው ትሪ ላይ፣ ካላየሽው።

የማሙሽ እናት፦ ክሩን አሰርኩለት፣ «ሉ» ዞረ! አልኮሉ ግን ቤት ያለው 70 በመቶ ነው፣ ይሆናል?

የመንታ እናት፦ ይሆናል፣ 91 ቢሆን ይፈጥን ነበር። ሁለት ሰዓት ስጪው።

ዘመን ቆጣሪ፦ ርዕሱን አስተካከልሽው?