የዘፈን ግጥም፦ «ትሄዳለች» ወይስ «ሄደች»? ቤቱ ሳይበላሽ ጊዜውን ማስተካከል

ብዕር ያዥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በትዝታ ቅኝት ለተሠራ ዜማ ግጥም እየጻፍኩ ነው። ልኩ የወል ቤት ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም (በድምፅ የሚቆጠር ክፍለ ቃል) ሆኖ 6 እና 6 ይከፈላል። የመጀመሪያው አንጓ ይኸው፦

ከበር ላይ ቆማለች ፡ ነጠላዋን ለብሳ
ትሄዳለች ነገ ፡ ፊቷ መች ይረሳ
ትናንትና ሸኘኋት ፡ እንባዬን ደብቄ
ናፈቅሽኝ ዓለሜ ፡ ቀረሁ ተጨንቄ

አዝማቹ ደግሞ፦

አልመጣም አለችኝ ፡ ደብዳቤዋ ደርሶ
ከዚያች ቀን ጀምሮ ፡ ልቤ ቀረ ፈርሶ

ጊዜው ተደበላልቋል የሚል አስተያየት ደርሶኛል። ግጥም ውስጥ ኃላፊና ትንቢት (ያለፈና የወደፊት ጊዜ) መቀላቀል ስህተት ነው? ከሆነስ ቀለሙንና ቤቱን (የስንኞቹን መጨረሻ የድምፅ ስምምነት) ሳላጣ እንዴት ላስተካክለው? አዝማቹንም ድምጻዊው ሲያዜመው ትርጉሙ የተምታታባቸው ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱ አልገባኝም።

የቅኔ ቤት ልጅ

ወንድሜ፣ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ቀለሙም «ትናንትና ሸኘኋት» ላይ አንድ ከመትረፉ በቀር ሙሉ ነው። ከእያንዳንዱ ስንኝ ጎን በእርሳስ ሁለት ነገር ጻፍበት፦ ማን? መቼ? እንዲህ ይወጣልሃል፦ እሷ፣ አሁን። እሷ፣ ነገ። እኔና እሷ፣ ትናንት። አንቺና እኔ፣ አሁን። ነገ የምትሄደውን ሴት ትናንት ሸኝተሃታል ማለት ነው። ጊዜ መቀላቀል በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው ነገሮቹ በአንድ የጊዜ መስመር ላይ አልቀመጥ ሲሉ ነው።

ደስ የሚለው ግን ማስተካከሉ ቀላል መሆኑ ነው። የስንኞችህን መጨረሻ ተመልከት፤ «ለብሳ»፣ «ደብቄ»፣ «ተጨንቄ» ሁሉም ቦዝ አንቀጽ (ብቻውን ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ) ናቸው። ቦዝ አንቀጽ የራሱ ጊዜ የለውም፤ ከዋናው ግስ ይበደራል። «እንባዬን ደብቄ ሸኘኋት» ብትልም፣ «እንባዬን ደብቄ እሸኛታለሁ» ብትልም «ደብቄ» ያው «ደብቄ» ነው። ስለዚህ በስንኙ መጀመሪያ ሐረግ ያለውን ግስ እንደፈለግህ ብትለውጥ ቤቱ አይነካም።

በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ ብዙ ገጣሚ ቤቱን በግሱ ጊዜ ያስራል። «ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይቀራል» በ«ል» ቤት ይመታሉ። ነገሩን ወደ ኃላፊ ልመልሰው ስትል «መጣ፣ ሄደ፣ ቀረ» ይሆንና ጣ፣ ደ፣ ረ፤ ሁሉም ቤት ፈረሰ። ደግሞም በ«ል» ብቻ የተመታ ቤት ሰዋስው የሰጠህ እንጂ አንተ የፈለግኸው ስላልሆነ ጆሮ ቶሎ ይሰለቸዋል። መጨረሻውን ለስም ወይም ለቦዝ አንቀጽ ተውለት፤ ጊዜ የሚናገረውን ግስ ወደ መሀል አምጣው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ቦዝ አንቀጽ ጊዜ ባይኖረውም ባለቤት አለው። ሌላ ባለቤት ካልተጠቀሰ በቀር «ለብሳ» ላለ ሰው ዋናው ግስ «ቆማለች» እንጂ «ቆምኩ» ሊሆን አይችልም።

ሁለት መንገድ ላሳይህ። መሄዷ ገና ከሆነ፦

ከበር ላይ ቆማለች ፡ ነጠላዋን ለብሳ
ትሄዳለች ነገ ፡ ፊቷ መች ይረሳ
እሸኛታለሁ ፡ እንባዬን ደብቄ
ካሁን ናፈቀችኝ ፡ ቀረሁ ተጨንቄ

መሄዷ ያለፈ ከሆነ፦

በር ላይ ቆማ ነበር ፡ ነጠላዋን ለብሳ
ሄደች በማግስቱ ፡ ፊቷ መች ይረሳ
ዝም ብዬ ሸኘኋት ፡ እንባዬን ደብቄ
ዛሬ ናፈቀችኝ ፡ ቀረሁ ተጨንቄ

ሁለተኛው ሐረግ በሁለቱም አንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም። እኔ የምመርጥልህ ሁለተኛውን ነው፤ አዝማችህ «ከዚያች ቀን ጀምሮ» ይላልና ሴትየዋ ሄዳ፣ ደብዳቤም ጽፋለች። በመጀመሪያው መንገድ ከሄድክ አዝማቹንም እንደገና መሥራት ይኖርብሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የመጀመሪያው ላይ ጥያቄ አለኝ። «ነገ» ተብሎ «ቀረሁ» እንዴት ይባላል? ገና አልቀረም እኮ። «ናፈቀችኝ»ም ኃላፊ ነው፤ «ትናፍቀኛለች» መሆን አልነበረበትም?

ሰዋስው መምህርት

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ቦታ ላይ የተነሳ ነው። ስሙ «ኃላፊ ጊዜ» ስለተባለ ያለፈ ነገር ብቻ የሚናገር ይመስለናል። በስሜትና በሰውነት ግሶች ላይ ግን ይህ ቅርጽ አሁን ያለውን ሁኔታ ነው የሚናገረው። ደከመኝ፣ ራበኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገባኝ፣ ናፈቀችኝ ሁሉም አሁን ናቸው። «ትናፍቀኛለች» ብትሉ ወይ ወደፊት ነው፣ ወይ ዘወትር የሚደጋገም ነው፤ አሁን የሚወጋውን ናፍቆት ያበርደዋል። «ቀረሁ»ም እንዲሁ፤ ለመነሳት ገና ጫማውን የሚያስር ሰው «መጣሁ! መጣሁ!» ይል የለም? መሆኑ የማይቀረውን እንደሆነ አድርጎ መናገር የቋንቋችን ልማድ ነው፤ ለእንጉርጉሮም ይስማማል።

«እየ…ነው»ን በስሜት ግስ ላይ ስትጠቀሙ አስቡበት። «እየወደድኩሽ ነው» ማለት ፍቅሩ ገና እየጀመረ ነው፤ «እወድሻለሁ»ን አይተካም። «ትወደኝ ነበር» ደግሞ ሳይነገር «አሁን አትወደኝም»ን ይዞ ይመጣል፤ ያንን ካልፈለጋችሁ ራቁት። በትዝታ ዘፈን ላይ «ትዝ አለኝ» እና «ትዝ ይለኛል»ም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ድንገት ብልጭ ያለ ነው፣ ሁለተኛው አብሮ የሚኖር።

የአንዱን ግስ ቅርጾች በቀለም ብዛታቸው ጻፉና ከፊታችሁ አስቀምጧቸው። ድምፅ የሌለውን ሳድስ ሳንቆጥር፦ ሄደች 2፣ ሄዳለች 3፣ ሄዳ ነበር 4፣ ትሄዳለች 4፣ ትሄድ ነበር 4፣ እየሄደች ነው 5። ዜማው ለ3 ቀለም ቦታ ሰጥቶ «ሄደች» አጭር ከሆነባችሁ ወደ «ሄዳለች» ከመዝለላችሁ በፊት ልዩነቱን አስቡ። «ሄደች» ሁነቱን ይተርካል። «ሄዳለች» ባዶውን ቤት ያሳያል፤ ሄዳ አሁንም የለችም። «ሄዳ ነበር» ካላችሁ ግን አድማጩ «ተመለሰች እንዴ?» ይላል። ቀለም ለመሙላት ብቻ «ነበር» የጨመረ ሰው ሳያውቀው ሴትየዋን መልሶ ያመጣታል።

መሰንቆ

የአዝማቹን ችግር ልንገርህ። «አልመጣም» በጽሑፍ አንድ፣ በድምፅ ግን ሁለት ቃል ነው። «ጣ» ከላላ «እኔ አልመጣም» ነው፤ ከጠበቀ «እሱ አልመጣም» ይሆናል። ስለዚህ ድምጻዊው ካጠበቀው «አልመጣም አለችኝ» ማለት «እሱ እኮ አልመጣም ብላ ነገረችኝ» ነው። ሰዎቹ የተምታታባቸው ለዚህ ነው። «አልሰማም»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ እኔ ነኝ፣ ሲጠብቅ እሱ ነው።

ማጥበቅና ማላላትን የሚወስነው ዜማው ነው። «መ» ላይ ረዘም ያለ ኖታ ካለና ድምፁ ከተሳበ «ጣ» ይላላል። «መ» አጭር ሆኖ ምቱ ቀጥ ብሎ «ጣ» ላይ ከወደቀ ይጠብቃል። ድምጻዊውን «አላላው» ብትለውም ምቱ እያስገደደው ያጠብቀዋል። ስለዚህ ከዜማ ደራሲው ጋር ኖታውን ለውጡ፣ ወይም ግሱን ቀይር። ግስ መቀየሩ ይቀልሃል፦

አልመለስም አለች ፡ ደብዳቤዋ ደርሶ

ይህም 6 እና 6 ነው። «እሱ» ቢሆን «አልተመለሰም» ይባል ስለነበር የሚምታታ ነገር አይኖርም።

«ም»ንም ለቀለም ብለህ አትጣላት። «አልመጣም አለች» ማለት ቃሉን ተናግራለች ነው፤ «አልመጣ አለች» ካልክ እምቢ አለች፣ ብትጠበቅም ቀረች ነው። «ባልመጣ» እና «ባልመጣም»ም እንዲሁ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው «ባልመጣ እንኳ» ማለት ነው።

ብዕር ያዥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ሁለተኛውን መንገድ ወሰድኩ። አንድ ቀረኝ፦ አንጓው ላይ «እሷ» ብዬ አዝማቹ ላይ «አንቺ» ማለት ይቻላል? መጀመሪያ «ናፈቅሽኝ ዓለሜ» ያልኩት ያንን ፈልጌ ነበር።

ሰዋስው መምህርት

ይቻላል፤ የሚያምርም ነው። አንጓው ለአድማጩ ይተርካል፣ አዝማቹ ዞሮ ወደ እሷ ይጣራል። የማይሆነው በአንድ አንጓ መሀል ያለ ምልክት መዝለሉ ነው። በትንቢት ግስ ላይ ከ«እሷ» ወደ «አንቺ» መሸጋገር ቀለም አያስጨምርም፤ «ትመጣለች»ም «ትመጫለሽ»ም 4 ናቸው። ቤቱ ግን ከ«ች» ወደ «ሽ» ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ያለ ግስ ካላችሁ ያንን ብቻ ተጠንቀቁ።

የቅኔ ቤት ልጅ

እንግዲያው አዝማቹ እንዲህ ይሁንልህ፦

አልመለስም አልሽኝ ፡ ደብዳቤሽም ደርሶ
ከዚያች ቀን ጀምሮ ፡ ልቤ ቀረ ፈርሶ

«ደብዳቤዋ» 4 ቀለም ነበር፤ «ደብዳቤሽ» 3 ስለሆነ አንዱን ቀለም «ም» ሞላችው።

መሰንቆ

ለስቱዲዮ ወረቀቱን ስታዘጋጅ ሁለት ነገር አትርሳ። በሚጠብቁት ፊደሎች ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግ፤ ቢያንስ ትርጉም በሚለውጡት ላይ። ሌላው፣ «እወድሻለሁ»ን «እወድሻለው» ብለህ አትጻፍ። ሲዜም መጨረሻው ስለሚዋጥ «ለው» ቢመስልም ፊደሉ «ሁ» ነው። ዜማው ሲሳብ ድምጻዊው ወረቀቱ ላይ ያየውን ነው የሚያወጣው፤ «ለሁ» የተጻፈለት ሙሉ ቀለም ያገኛል፣ «ለው» የተጻፈለት ግን «ው» ላይ ይዘጋበታል። «ሄድኩ» ወይስ «ሄድሁ» ለሚለው ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን መርጠህ እስከ መጨረሻው ያዝ። «ናፈቅሁሽ» ላይ ግን «ሁ»ን ምረጥ፤ «ቅ» እና «ኩ» ተከታትለው ሲመጡ ጉሮሮ ላይ ይጋጫሉ።