ጥቆማ፦ ለካሜራ ጥናታችሁ ምን ይገዛ? መብራቱ ይቅደም፣ ቦርዱ ይደርሳል

የመመረቂያ ጥናት ሰሞን ሲደርስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው። «በካሜራ እያየ በሪል ታይም የሚወስን ነገር ልሠራ ነው፤ ራስበሪ ፓይ ልግዛ ወይስ ጄትሰን?» ሁለቱም በአንድ ቦርድ ላይ የተሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ግን ሪል ታይም፣ ማለትም በተወሰነች አጭር ጊዜ ውስጥ ዓይቶ መወሰን፣ የግድ ነው ወይ? የቡና ቅጠል በሽታ የምታጠኑ ከሆነ ቅጠሉ የትም አይሄድም። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ሥዕሉን የሚለየውን ሞዴል ኮላብ ላይ (የጉግል የኢንተርኔት ኮምፒውተር ነው) አሠልጥኑ፣ ብሩን ለመስክ ትራንስፖርት አስቀሩት።

የሚሄድ ነገር ሲመጣ ነው ጉዱ። ቀይ እሸት ቡናን ከአረንጓዴው የሚለይ ትንሽ መስመር እየሠራችሁ ነው እንበል። ቀበቶው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። ከካሜራው 10 ሴንቲሜትር አለፍ ብሎ አረንጓዴውን በአየር ገፍቶ የሚያወጣ ቫልቭ አለ። ፍሬው እዚያ የሚደርሰው በ200 ሚሊሰከንድ ነው። ማየቱም፣ መለየቱም፣ ቫልቩን መክፈቱም በዚያችው ውስጥ ማለቅ አለበት። ብዙ ጊዜ በ60 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ፣ አንዳንዴ ግን 300 የሚወስድበት ፕሮግራም እዚህ አይሠራም። አማካዩ ያምራል፤ አረንጓዴው ግን ከቀዩ ጋር ጆንያ ገብቷል። ቴሲሳችሁ ላይ የከፋውንም ጊዜ ጻፉ።

ካሜራው ላይ አትሰስቱ። 10 ሚሊሰከንድ ክፍት በሚቆይ ካሜራ ያ ፍሬ 5 ሚሊሜትር ይንሸራተታል፤ ሥዕሉ ድብዝዝ ይላል። 1 ሚሊሰከንድ ላይ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ተራ የዩኤስቢ ዌብካም ደግሞ አብዛኛው ሮሊንግ ሸተር ነው፤ ሥዕሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ፈጣን ነገር ይጣመምበታል። የእኔ ምርጫ የራስበሪ ፓይ ግሎባል ሸተር ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ50 ዶላር ነው የወጣው። 1.6 ሜጋፒክስል ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ይሰጣል፣ ሁሉንም ፒክስል በአንድ ቅጽበት ያነሣል። ሌንሱ ለብቻው እንደሚገዛ ግን አትርሱ። 12 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ሞዱል 3 ለቆመ ነገር ጥሩ ነው፤ ለቀበቶ አልመክረውም።

ካሜራውን ከመለስን መብራቱ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ 1 ሚሊሰከንድ የሚያነሣ ካሜራ ግን ያየዋል። አንዱ ፍሬም ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማ ይሆንና ተማሪው ሞዴሉን ይወቅሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ 12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ በባትሪ። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም።

አሁን ወደ ቦርዱ። ራስበሪ ፓይ 5 ብቻውን ለትንሽ ሞዴል ይሞከራል። ሞዴል በፍጥነት የሚያስኬድ የሃይሎ ቺፕ ያለበት ኤአይ ሃት ፕላስ የሚባል ተደራቢ ሰሌዳ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ሞዴሉን ለሃይሎ መቀየር ነው፤ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው የሊኑክስ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ትዕግስትም እንዲሁ። ጄትሰን ኦሪን ናኖ ሱፐር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ዋጋው ወደ 249 ዶላር ወርዷል። ላፕቶፕ ላይ የጻፋችሁትን የፓይቶርች (ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ኮድ ብዙም ሳትነካኩ ታስኬዱበታላችሁ። ሞዴላችሁ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ጄትሰን፤ አንድ የታወቀ ሞዴል ይዛችሁ ብዙ ቦታ የምትተክሉ ከሆነ ፓይ። የድሮውን ጄትሰን ናኖ በርካሽ ቢሰጧችሁም እለፉት፤ ሶፍትዌሩ ኡቡንቱ 18.04 የሚባል የድሮ የሊኑክስ ዕትም ላይ ቆሟል። ሞዴል ማፍጠኛው ጉግል ኮራልም እንደዚያው፣ ጥቅሉ ፓይተን 3.9 ላይ ቀርቷል።

ቦርድ ከሀገር ውስጥ ሱቅ ብትገዙ ይሻላል እላለሁ። ጨመር ያደርጉባችኋል፤ ግን ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አብርታችሁ ታያላችሁ፣ ቢበላሽም የምትሄዱበት ሰው አለ። ካሜራና ሌንስ ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢይዝላችሁ ይሻላል፤ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ፓይ 5 ስትገዙ 5 ቮልት 5 አምፔር ቻርጀሩን አብራችሁ ጠይቁ። በ3 አምፔር ቻርጀር ብትሰኩት ለዩኤስቢ የሚሰጠውን ኃይል 600 ሚሊአምፔር ላይ ይገድበዋል። ያኔ የዩኤስቢ ካሜራው መሀል ላይ ይቋረጣል፣ እናንተ ኮድ ስትፈትሹ ታድራላችሁ።

በካሜራ ርቀት መለካት ለምትፈልጉ፦ ሪልሴንስ ዲ435 የሚባለውን ካሜራ ያዙ። ሌላውን የርቀት ካሜራ፣ አዙር ኪኔክትን፣ እንግዛ የምትሉ ተዉት፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ማምረቱን አቁሟል።

አዲስ ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ለኩ። ካሜራውን ለማንበብ የምትጠቀሙበት ኦፕንሲቪ የተባለው የኮድ ጥቅል ፍሬሞችን ቋት ውስጥ ያስቀምጣል። በሰከንድ 30 ፍሬም በሚሰጥ ካሜራ አራት ያረጁ ፍሬሞች ከተጠራቀሙ 133 ሚሊሰከንድ በልታችኋል፤ ከ200ው ምን ተረፈ? ካሜራውን በሌላ ክር (ትሬድ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ክፍል) እያነበባችሁ የመጨረሻውን ፍሬም ብቻ ያዙ። ከዚያ ስክሪን ላይ ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ክፈቱ፣ ካሜራውን ወደ እሱ አዙሩ፣ ሰዓቱንና ካሜራው የሚያሳየውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሡ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት መዘግየታችሁ ነው። ስክሪኑ ራሱ እስከ 16 ሚሊሰከንድ ሊያሳስት ስለሚችል ደጋግማችሁ አንሡና ትልቁን ያዙ።