ልጅ ስትጎዳ እድር ምን ያደርጋል? የጎረቤቴን ቤተሰብ መርዳት ፈልጌ ነው

የአራተኛ ፎቅ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ እየጻፍኩ አጠፋዋለሁ። ልጅቷና ቤተሰቧ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፤ የሰፈሩ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ።

የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። 4 ብሎክ፣ 86 አባወራ ነን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ሴቶቹ ንፍሮና ወጥ ይዘን እንደርሳለን። ሦስት ቀን ያ ቤት ሰው አይጎድልበትም። ይህን በደንብ እናውቅበታለን።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከእኛ በታች ላለችው ጎረቤቴ የ8 ዓመት ልጇ የደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት ነገረቻት። ያደረሰው የውጭ ሰው አይደለም። የባሏ የአጎት ልጅ ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ ተብሎ ሳሎን የሚያድር። ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነበር። እኔም ስንት ቀን «እግረ መንገድህን የእኔንም አምጣልኝ» ብዬዋለሁ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናትየው ጎበዝ ናት። በዚያው ቀን ልጇን ይዛ ጣቢያ ሄደች፣ ሰውየውም ተያዘ። እኔን ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ወሬው በአንድ ቀን ፎቅ ለፎቅ ዞረ። እሷ እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጠው፤ ከቋሚ ደንበኞቿ ግማሹ ቀሩ። ክፋት አይመስለኝም፣ ምን እንደሚሏት ጠፍቷቸው ነው። ግን ሊጧ ተቦክቶ ይቀራል። ልጅቷ ለጨዋታ ስትወርድ ደግሞ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ። በዓይኔ አይቻለሁ። ምን አጠፋች ይህች ልጅ?

ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። እሱ ሲመለስ ዘመዶቹ ሽማግሌ ይዘው ከአገር ቤት መጡ። «የአንድ ቤት ገመና ነው፣ የልጅቷም ስም እንዳይጠፋ በእርቅ ይለቅ» አሉ። ካሳ ይከፈላል ተባለ። ባልየው መሃል ቆሞ ቀረ። ባለፈው እሁድ የእድራችንን ሰብሳቢ ጭምር «አብረኸን ሁን» ብለውታል። ቅን ሰው ነው፤ ሰው ማስታረቅ ለምዷል፤ ሊሄድ ነው።

ለሰብሳቢው ምን ልበለው? በሕግ የተያዘ ነገር በሽማግሌ ያልቃል? እናትየውንስ ገመናዋን ሳልነካካ እንዴት ልርዳት? ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ከመቶ በላይ ልጆች አሉ። «እድር ለቀብር ነው የተቋቋመው» የሚሉኝ አሉ። ልጅ ተጎድታ ማንም ካልደረሰላት ያ ሁሉ ድንኳን ምን ያደርግልናል? ያያችሁና የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ

እህቴ፣ ጊዜ የማይሰጠው ሽምግልናው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አያልቅም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለች ልጅ ስትደፈር ጉዳዩን በአንቀጽ 627 ነው የሚያየው። ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት አንቀጽ 626 አለ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። ወላጆች «ታርቀናል» ቢሉም ከሳሹ ዓቃቤ ሕግ ነው።

ታዲያ ሽማግሌው ምን ሊያደርግ ነው የሚሄደው? በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ልጅቷ «ትንሽ ትረፍ» ተብላ አያቷ ጋ ትላካለች። እናት ስልክ ማንሳት ታቆማለች። ቀጠሮ ይደርሳል፣ የሚቀርብ ምስክር የለም። ሰብሳቢያችሁ ቅን ሰው ከሆነ ይህን በግልጽ ንገሪው። እርቅ ብሎ የሚሄድበት መንገድ የልጅቷን ቃል ወደ ማስቀረት ነው የሚያደርሰው።

እናትየው በዚያው ቀን መሄዷ ትልቅ ነገር ነው። ለሌሎቻችሁም ልጻፈው። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ልጁን ወይም ልጅቷን ሐኪም ሳያያቸው አታጥቡ። የእናት እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ታገሱ። ልብሱም አይታጠብ። በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ቀኑ አልፏል ብላችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ። ከወራት በኋላም ሕክምናውና ምክሩ ይጠቅማል።

አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ፣ የፖሊስና የዓቃቤ ሕግ ሥራው አንድ ቦታ እንዲሆን ነው የታሰበው፤ ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደግመው። የሕግ ምክር ከፈለጉ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ያማክራል። የባል ዘመዶች ቤቷ ድረስ እየመጡ የሚያስፈራሯት ከሆነ ለመርማሪው ትንገር። እዚያ ቤት መቆየት ካልቻለች ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የሚባል አለ፤ እናትንም ልጅንም ያስጠልላል።

አንድ ነገር ልለምን። ጎረቤት ልጅቷን «ምን አደረገሽ?» ብሎ አይጠይቃት። በፍቅርም ቢሆን አይጠይቃት። ራሷ ካወራች ማዳመጥ፣ «በመናገርሽ ጎበዝ ነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት፣ ያለችውን በራሷ ቃል ጽፎ ለእናቷ መስጠት። ከዚያ ወዲያ የባለሙያ ሥራ ነው።

የወንድ ልጅ እናት

ጽሑፍሽን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተመለስኩ።

የእኔ ወንድ ነው። ያኔ 9 ዓመቱ ነበር፣ አሁን 15 ሞልቶታል። ያደረሰበት አስጠኚው ነው። ወንድ ልጅ ላይ ይህ ይደርሳል ብሎ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ልጄ ሆዴን ይለኛል። ማታ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። የጥናት ሰዓት ሲደርስ ሽንት ቤት ገብቶ ይቆልፋል። እኔ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣሁት፤ እንዲያውም አንድ ቀን እጁን ይዤ አስጠኚው ፊት አስቀመጥኩት። ይህን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጣቢያ የነበረው ሰው «ወንድ ነው፣ ይረሳዋል» አለኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በማግስቱ ሌላ ጣቢያ ሄጄ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ሴት መርማሪ አገኘሁ። ስትሰማኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እስካሁን እመርቃታለሁ።

ጎረቤትሽ ፍርድ ቤቱን ፈርታ ከሆነ ይህን ንገሪያት። የእኛ ጉዳይ ልደታ ነበር የታየው። ልጄ ሰውየውን አላየውም። ለብቻው አንድ ክፍል ውስጥ፣ መጫወቻ ባለበት፣ ከአንዲት ባለሙያ ጋር ተቀመጠ። ዳኛዋና ሌሎቹ በሌላው ክፍል በቴሌቪዥን ያዩታል። ጥያቄው ለባለሙያዋ በጆሮ ማዳመጫ ይደርሳታል፣ እሷ በልጅ አፍ አድርጋ ትጠይቀዋለች። ልጄ መኪና እየሣለ ነው የመለሰው። ሲወጣ «እማዬ፣ ሥዕሉን ውሰድ አሉኝ» አለኝ። እኔ ውጪ ወንበር ላይ ሆኜ ሞቼ ነበር፤ እሱ ሥዕል ይዞ ወጣ።

ማን ረዳሽ ካልሽኝ ከእኛ ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ናቸው። መጥተው «እግዜር ያጽናሽ» አላሉኝም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በሩን አንኳኩ። ሻይ በፔርሙዝ ይዘዋል። «ትንሿን ለኔ ተያት፣ ሂጂ» አሉኝ። በቃ። ቀጠሮው ስንት ጊዜ ተላለፈ መሰለሽ። በተላለፈ ቁጥር እትዬ በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ናቸው። አንድ ቀን «ምን ደረሰበት?» ብለው አልጠየቁኝም። ቡና ላይ የእኛ ወሬ ሲነሳ ደግሞ ስኒያቸውን አስቀምጠው «የልጅ ገመና በእኔ ቡና ላይ አይወራም» ብለው ተነሱ አሉ። ይህን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ያደከመኝንም ልንገርሽ። ልጄን ባዩት ቁጥር «ምስኪን» እያሉ ፀጉሩን የሚደባብሱት። አንድ ቀን «እማዬ፣ ታምሜያለሁ እንዴ?» አለኝ። ጎረቤቶችሽ ልጅቷን እንደ ድሮው ይቆጧት፣ እንደ ድሮው ሱቅ ከልጆቻቸው ጋር ይላኳት፣ ልደት ይጥሯት።

ባሏንም አትርሱት። የእኔ ባል ሦስት ወር ያህል ከማንም ጋር አላወራም፤ «ልጄን መጠበቅ ያቃተኝ አባት» ነበር የሚለው። ያንቺ ጎረቤት ባል ደግሞ ዘመዶቹ በአንድ በኩል ይስቡታል። ሰብሳቢያችሁ መሄድ ከፈለገ ወደ አባትየው ይሂድ። ወንድ ለወንድ ቁጭ ብሎ «ከልጅህ ጎን ቁም፣ እኛ ከጎንህ ነን» ይበለው። ለእኔ ባል እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

የአራተኛ ፎቅ እናት

እናትዬ፣ እግዜር ልጅሽን ያሳድግልሽ። ፔርሙዝ ይዤ እንደምሄድ ወስኛለሁ። ስለ አባትየው ያልሽው ደግሞ በጭራሽ አልታየኝም ነበር። ስለ ግቢያችን ልጆች የሞከራችሁ ካላችሁ እጠብቃለሁ።

የእድር ጸሐፊ፣ አዳማ

እህታችን፣ እኛ የሞከርነውን ላካፍልሽ። በወርኃዊው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨመርን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋበዝን። በመጀመሪያው ቀን ወንዶቹ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ተነስተው ወጡ። በሚቀጥለው ወር መዋጮ የሚከፈለው ከትምህርቱ በኋላ እንዲሆን አደረግን፤ ተቀመጡ።

በጣም የከበደን ስም መጥራት ነው። ልጆቻችንን «እንትን» እያልን ነው የምናሳድገው። ልጅ የሰውነቷን ክፍል ስም ካላወቀች የደረሰባትን በምን ቃል ትናገራለች? ባለሙያዋ ሁላችንንም በየተራ ስሙን አስጠራችን፤ ሽማግሌዎቹ ላብ በላብ ሆኑ። ሌላው «እምቢ» ነው። «ሂጂ ሳሚው»፣ «ለታላቅ እምቢ አይባልም» እንላለን። አሁን ልጄ መሳም ካልፈለገች እጅ ነስታ ትለፍ እላለሁ። አያቷ መጀመሪያ ተቀየሙ፣ ሳስረዳቸው ገባቸው።

ልጆችን በማያውቁት ሰው ብቻ ማስፈራራቱንም ተውነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳቸው የሚያውቁት ሰው ነው። ስለዚህ ሰውየውን ሳይሆን ነገሩን ነው የምናስተምራቸው። ማንም ቢሆን፣ አጎትም ቢሆን፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» ካለ ያ የሚነገር ነገር ነው።

ግቢውን ደግሞ ዞረን አየነው። ሁልጊዜ ክፍት የነበረውን የውሃ ፓምፕ ክፍል ቆለፍን፣ ደረጃው ላይ አምፖል ቀየርን። ጥበቃ ስንቀጥር ተያዥና መታወቂያ እንጠይቃለን። አስጠኚ ሳሎን፣ በር ተከፍቶ ያስጠናል፤ ማንም አይቀየምም፣ ለሁሉም አንድ ነው። ደንባችንንም አሻሽለን «ድንገተኛ ችግር» የሚል አንቀጽ አስገባን፤ ገንዘቡ በሰብሳቢውና በገንዘብ ያዥ ፊርማ ብቻ ይወጣል፣ ለማን እንደሆነ በስብሰባ አይነበብም።

የአራተኛ ፎቅ እናት

ትናንት ማታ ሰብሳቢያችን ቤት ሄድኩ። የጻፋችሁትን አነበብኩለት፣ የሕጉንም ቁጥር ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ ቤቱ እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ጋ ደውሎ እንደማይሄድ ነገራቸው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አባትየውን ይዞት ወጣ፤ ምን እንዳወሩ አልጠየቅኩም።

የደንቡን ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳለሁ። የእድር ጸሐፊው፣ ያ አንቀጽ እንዴት ተብሎ እንደተጻፈ ቃል በቃል ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።

ለእሷ እስከዚያ ሦስት ሴቶች ተነጋግረናል። እንጀራ ከእሷ ብቻ ነው የምንገዛው፤ ለሚቀጥለው የሙት ዓመት የሚሆነውን 60 እንጀራም ለእሷ አዝዣለሁ። ልጅቷ ዛሬ ከሰዓት እኛ ቤት ነበረች፤ ከልጄ ጋር ሶፋውን ገልብጠው ቤት ሠሩበት፣ ሁለቱንም ተቆጣኋቸው። ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እኔ በሩ ላይ ነኝ።