መስመሩ ሲቆረጥ ጥናቱም ይቆረጣል?

የታቦር ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ ሐዋሳ የዕድር ስብሰባ ላይ ጥናት ልንሠራ ነው። ግማሹ አባል አዳራሽ ይቀመጣል፣ ግማሹ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር በዙም ይገባል። በስልክ ያለው እኩል ይደመጣል ወይ ነው ጥያቄው። የተጨቃጨቅነው ግን በሌላ ነው። ኔትወርክ የተቆራረጠባቸውን ስብሰባዎች እናውጣ ወይስ እናቆያቸው? እኔ እናውጣ ባይ ነኝ። በተበላሸ ሚዛን ቡና አይመዘንም።

ቆጣሪው፦ ካወጣሃቸው ምን ይተርፍሃል? ጥናትህ ጥሩ መስመር ስላላቸው ሰዎች ብቻ ሆነ ማለት ነው።

የታቦር ልጅ፦ ካላወጣሁስ? ሰውዬው ዝም ያለው ንቀውት ይሁን መስመሩ ዘግይቶበት በምን ልለየው?

ቆጣሪው፦ በመለካት ነዋ። በአካል ስናወራ አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ 10 ቋንቋዎችን ያየ ጥናት አለ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ደግሞ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል። በዚያ ልክ እንኳ ቢዘገይ ደርሶ መልሱ 300 ነው። እስከዚያ አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሰው ጀምሯል።

ጸሐፊዋ፦ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው የሆነውን ልንገራችሁ። ስልኩን የውኃ ጠርሙስ አስደግፈን ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ከአዲስ አበባ የገቡ አንዲት እናት «ድንኳኑን በተመለከተ...» ብለው ጀመሩ። ተቆረጠ። ሲመለሱ የድንኳኑ ነገር አልቆ ስለ ወንበር እያወራን ነው። «ምን ሊሉ ነበር?» ያላቸው የለም። እኔም ጭምር። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ።

የሐይቅ ዳር፦ ይሄ እኮ ነው መረጃው! እሳቸው ሲመለሱ ማን ዞር ብሎ አየ፣ ማን ቦታ ሰጣቸው? እሱን ቁጠሩ። ካሜራውን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ብቻ አትትከሉ። እሳቸው የሚያዩት ምናልባት የጣሪያውን አምፖል ነው። የቤተሰቡንም ፈቃድ ጠይቁ፤ ከኋላቸው የሚያልፍ ልጅ ይኖራል።

ቆጣሪው፦ ሰዎቹንም አቀያይሩ። ዛሬ አዳራሽ የመጣው በሚቀጥለው ቤቱ ሆኖ ይግባ። አለበለዚያ ድሮም ዝምተኛ የሆነውን ስልኩ ዝም አሰኘው ትላላችሁ።

የታቦር ልጅ፦ አሜሪካ ያለውንስ አዳራሽ ላምጣው?

ቆጣሪው፦ የሐዋሳዎቹን አልኩህ እንጂ!

የታቦር ልጅ፦ እሺ፣ አናወጣም። ግን የተቆረጠበት ሰዓት በሰከንድ ይመዘገባል፣ ለብቻውም ይተነተናል። በዚህ አልደራደርም።

ጸሐፊዋ፦ ቃለ ጉባኤውንስ ላርመው ወይስ እሱም መረጃ ነው?