የሐዲድ ቁራጭ ለመስፍ እንዴት ላዘጋጅ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምናለሽ ተራ 40 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የሐዲድ ቁራጭ አገኘሁ። መስፍ (የጋለ ብረት አስቀምጠው በመዶሻ የሚመቱበት) አድርጌ ቢላ መቀጥቀጥ ልማርባት ነው። ዝጋለች፣ አሮጌ ቀለም አለባት፣ አንዱ ጫፏ ደግሞ በጋዝ ስለተቆረጠ ወጣ ገባ ነው። ሰዉ ሁሉ "አግለህ ውሃ ውስጥ ንከራት፣ አለዚያ ትሰረጎዳለች" ይለኛል። እውነት ነው?

ባሌስትራ፦
ኧረ አታግላት ወንድሜ! የሐዲድ ብረት ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 በመቶ ነው፣ የጋለ ብረት ለመምታት እንዳለ ይበቃሃል። ይህን የሚያህል ወፍራም ብረት በከሰልና በወናፍ እኩል ማጋል በጣም ከባድ ነው፣ ቢሳካልህ እንኳ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ይልቅ አቀማመጧን አስብበት። ብዙ ሰው ባቡር እንደሚሄድባት አጋድሞ ይመታታል፤ ወገቧ ቀጭን ስለሆነ ትነዝራለች፣ ጉልበትህም በከንቱ ያልቃል። አቁማት! ያኔ ክብደቷ በሙሉ ከመዶሻው ስር ይሆናል። ፊቷ ጠባብ ነው ብለህ አትጨነቅ፣ መዶሻ በአንዴ የሚያርፈው ትንሽ ቦታ ላይ ነው።

የድሮ በያጅ፦
ልክ ብሏል። እኔ ስለ ጫፏ ልጨምር። በጋዝ የተቆረጠውን ወደ ታች አድርገው፣ እሳቱ የብረቱን ጠባይ ስለሚቀይረው አንዳንድ ቦታ ደርቆ ይሰባበራል። ላይኛውን በግራይንደር ደልድለህ በሞረድ ጨርሰው፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ከልክ በላይ አግለኸዋል ማለት ነው፣ ቆም በልና ይብረድ። ጠርዙን ስለት አድርገህ አትተወው፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አክብበው፣ አለዚያ ሥራህን ይቆርጥብሃል፣ ራሱም እየተፈነከተ ወደ ዓይን ይበራል። መነጽር የግድ ነው። ቀለሙን ደግሞ በእሳት እንዳታቃጥለው ልጄ፣ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ጭሱ መርዝ ነው። በቀለም ማስለቀቂያ አንሳው፣ ጓንት አድርግ።

ባሌስትራ፦
ግንዱን ረስተን! ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉቶ ፈልግ፣ በሐዲዷ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ፈልፍለህ ትከላት። የሐዲዷ ላይኛ ፊት ቀጥ ብለህ እጅህን ወደ ታች ለቀህ ስትቆም ጡጫህ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። ዝቅ ካለ ወገብህን ይገድልሃል።

ጀማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ደልድዬ ተከልኳት። ምቱን ምን ያህል እንደምትመልስ ለማየት የኩሽኔታ ኳስ ከ25 ሳንቲ ሜትር ላይ ለቀቅኩባት፣ ነጥራ ወደ 18 ተመለሰች። አጋድሜ ስሞክራት ግማሽ እንኳ አልደረሰችም ነበር። ነገ ከሰል እገዛለሁ።