1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር አለን፤ የትኛዋን ትንሽ መኪና እንግዛ?

ነርሷ ከጀሞ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አማክሩኝ። ባለቤቴና እኔ ለ6 ዓመት ቆጥበን 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ይዘናል። መኪና ገዝተን አናውቅም። የምሠራው ሆስፒታል ነው። የማታ ተረኛ ስሆን ከቤት የምወጣው ከመሸ በኋላ ነው። ጠዋት ስመለስ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ታፍና ስትነሳብን፣ መኪና ያለው ጎረቤት ቤት ሄደን በር ደበደብን። በቃ እንግዛ ያልነው ያን ሌሊት ነው።

ቤታችን ውስጥ ግን ሦስት ሐሳብ አለ። እኔ ቶዮታ ቪትዝ እላለሁ። ባለቤቴ 600 ሺህ ብር ተበድረን ብዙ ያልተነዳች ሱዙኪ ዲዛየር እንግዛ ይላል። አማቼ ደግሞ "ዲኤክስ ግዙና የተረፈውን አስቀምጡ" ይሉናል፤ የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ ማለታቸው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ኤሌክትሪክ ይሻላል ይላሉ፤ እኛ ያለነው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆች ማድረሱን ጨምሮ በቀን 30 ኪሎሜትር ያህል ነው የምንነዳው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እንሄዳለን። ዋጋው እስኪወርድ እንጠብቅ? ከገዛንስ ምን ምን እንይ?

የባንክ ቤቱ

እህቴ፣ መጠበቁን ተዪው። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጡት ቪትዞችና ዲዛየሮች በአብዛኛው ቀድመው የገቡት ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ እንጂ ቁጥራቸው ብዙም አይጨምርም። ወንድሜ መኪናውን 4 ዓመት ከነዳት በኋላ ከገዛበት በላይ ሸጧታል። ደስ ብሎት ሌላ ሊገዛ ሲወጣ ያው ብር ያችኑ መኪና አልመለሰለትም።

ብድሩን በተመለከተ ግን ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። በወር 25 ቀን ብትነዱ 750 ኪሎሜትር ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሊትር ቪትዝን 14፣ ዲዛየርን 16፣ ዲኤክስን 10 ኪሎሜትር ያስኬዳል ብለን እንያዝ። ቪትዝ 54 ሊትር፣ ዲዛየር 47፣ ዲኤክስ 75 ሊትር ይፈልጋሉ። የቪትዝና የዲዛየር ልዩነት በወር 7 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ በሆነበት ጊዜም ቢሆን ለ7 ሊትር ተብሎ የ600 ሺህ ብር ወለድ አይከፈልም።

ከያዛችሁት ላይ 250 ሺህ ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። መኪና ከተገዛች ማግስት ጀምሮ ገንዘብ ትጠይቃለች። ስም ማዞሪያ፣ መድን፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይት አለ። ኪሱን አራግፎ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ብልሽት መሥራት ያቅተውና መኪናዋ ግቢ ውስጥ ትቆምበታለች።

ባለ ዲዛየር

ወንድሜ፣ ዲዛየርን በነዳጅ ብቻ አትለካት። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሯ ከ1300 ሲሲ በማይበልጥ አዲስ መኪና ላይ የተጣለው 5 በመቶ ብቻ ነበር። ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። ዲዛየር 1.2 ሊትር ስለሆነች ብዙ ሰው አዲስ ገዛት። ጥቅሟ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ባለቤት አግኝተሽ ታሪኳን ከአፉ መስማት ትችያለሽ። የእኔ 3 ዓመት ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም። ሻንጣ ሰፊ ነው፣ ልጆች ከኋላ ይመቻቸዋል። አምስት ሰው ስትጭን ግን ጉብታ ላይ ሆዷ ይነካል።

ሆኖም ብድር ሳትገቡ የማትገዙት ከሆነ እኔም አልገፋፋም። የጥሪ ታክሲ ሲሠራባት የኖረችውን በርካሽ ካገኛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቀን ከሌሊት የሠራች መኪና በመልኳ አትታወቅም።

ጡረተኛው ሾፌር

ልጄ፣ እኔ ዲኤክስ 27 ዓመት ነድቻለሁ። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩባት፣ ሁለቱን የዳርኩባት እሷ ናት። ካርቡሬተሯን በራሴ እጅ ነበር የማጸዳው። የትም ብትቆም የሚሠራት ሰው አይጠፋም፣ ሶማሌ ተራ ዕቃዋ አለ። አማትሽ የሚያውቁትን ነው የመከሩሽ።

ግን ለአንቺ አልመርጥልሽም። የመጨረሻዎቹ የተሠሩት በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ወደ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ኤርባግ የላቸውም። ብዙዎቹ የኋላ ቀበቷቸው ተነቅሎ ጠፍቷል። በቀዝቃዛ ሌሊት ጋዝ እየረገጡ፣ ቾክ እየሳቡ ነው የሚነሱት። የታመመች ልጅ ታቅፈሽ ያንን አትጠብቂም። እኔ ጊዜ አለኝ፣ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ስነካካ እውላለሁ። አንቺ ተረኛ ነሽ።

ነርሷ ከጀሞ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለአማቼ አነበብኩላቸው። "እውነቱን ነው" አሉኝ።

ባለ ኤሌክትሪክ ከሰሚት

እኔ የምነዳው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ በጣም ወድጄዋለሁ። የአንቺ 750 ኪሎሜትር በወር ከ110 እስከ 130 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዘይት ቅያሪ የለ፣ ካንዴላ የለ። ግን እኔ ግቢ አለኝ። ማታ እሰካታለሁ፣ ጠዋት ሞልታ አገኛታለሁ።

4ኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ገመድ በመስኮት ማውረድ አይታሰብም። ለሰውም ለቤቱም አደጋ ነው። መጀመሪያ ኮሚቴያችሁን ጠይቂ። መኪና ማቆሚያው አጠገብ በራስሽ ስም ቆጣሪ አስገብቶ መስመር መዘርጋት ከተፈቀደ ያዋጣሻል። ካልተፈቀደ ከሌሊት ተረኝነት ወጥተሽ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ወረፋ መጠበቅ ነው። ያ ሕይወት ለአንቺ አይሆንም። ያገለገለ ኤሌክትሪክ የምታዪ ከሆነም ባትሪው ስንት በመቶ ጤና እንደቀረው በማሽን ሳይነበብ ቀብድ አትስጪ።

መካኒክ ከሳሪስ

እህቴ፣ 250 ሺሁን አስቀምጠሽ በቀረው ቪትዝ ግዢ። አሁን እንዴት እንደምታያት ልንገርሽ።

ቪትዝ የሚባለው ስም በፈረንጅ እስከ 2020 ጃፓን ውስጥ ትሸጥ የነበረችዋ ነው። ውጭ አገር ስሟ ያሪስ ነው። ጃፓኖች ደግሞ መሪያቸው በቀኝ ነው። ስለዚህ ኋላዋ ላይ ቪትዝ ተብሎ ከተጻፈ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላት መሆኗን ገምቺ። በደንብ የዞረችም አለች፣ በብየዳ የተቀጣጠለችም አለች። ኮፈኑን ክፈቺና የመሪው ዘንግ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ላሜራ እዪ። ሸካራ ብየዳ ወይም በእጅ የተቆረጠ ቀዳዳ ካለ ተያት። ዳሽቦርዱ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም እንደዚያው። መሪ የሕይወት ጉዳይ ነው፣ በዋጋ ቅናሽ አይካካስም።

ለማየት ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ። ሻጩን "እኔ ሳልመጣ አታስነሳት" በዪው። እንደደረስሽ መጀመሪያ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አሳርፊ። ከሞቀ ተነስታ ነበር ማለት ነው። የደከመ ሞተር ጭሱ የሚታየው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት እያቃጠለች ነው። ሳትሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተሽ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መክደኛው ውስጥ እንደ ማዮኔዝ ያለ ነገር ከተጋገረ፣ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ በቴስታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ይሆናል። ቴስታ ሊወርድ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ታጥቦ ፏ ብሎ ከጠበቀሽ አትደሰቺ፣ የሚያንጠባጥበው ቦታ እንዳይታይ ሊሆን ይችላል።

ባለ 1 ሊትሯ ሁለት ዓይነት ናት። የመጀመሪያዋ፣ በፈረንጅ እስከ 2005 የተሠራችው፣ 4 ፒስተን አላት። ከዚያ በኋላ የመጣችው 3 ፒስተን ናት፣ ቆማ ስትሠራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ይህ ተፈጥሮዋ ነው፣ አትደንግጪ። ካምቢዮዋን (የማርሽ ሳጥኗን) ለማየት ፍሬን ይዘሽ ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር አስገቢያት። ገጭ ብላ ከዘለለች ወይም ለመንቀሳቀስ ከዘገየች ችግር አለ። አንዳንዷ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ኦቶማቲክ ካምቢዮ) ናት። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው። በተራ የኦቶማቲክ ዘይት የተሞላች ብዙ ሳትቆይ ካምቢዮዋን ትበላለች። ምን ዘይት እንደተሞላ ሻጩን ጠይቂ፣ መልሱን ሳይሆን ደረሰኙን እዪ።

ቆጣሪው የሚለውን ኪሎሜትር እንዳለ አትቀበዪ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን መርገጫውን ላስቲክ እዪ። 80 ሺህ ኪሎሜትር የሚል መኪና ላስቲኩ አልቆ ብረት ሊታይ አይገባም። ጎማው ላይ 4 ቁጥር ተጽፏል። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ጎማው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ስቱኮ ለመፈለግ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሮቹ ላይ አስኪጂ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ተገጭቶ በስቱኮ ተሞልቷል።

ስለ ደብረ ብርሃን አትስጊ። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ከጉልበቱ 5 እጅ 1 እጁን በአየሩ መሳሳት ያጣል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ከፍ ይላል። 130 ኪሎሜትር ነው፣ ቀስ ብላ ታደርስሻለች። ጣርማ በርን አልፈሽ ደብረ ሲና ከወረድሽ ግን ሰውና ዕቃ ሞልተሽ ስትመለሺ ያ ዳገት ያደክማታል። ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ አትውረጂ፣ ማርሽ ቀንሺ።

ውክልና ያቃጠለኝ

መካኒኩ ስለ ብረቱ ነግሮሻል፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ። መኪናዬን የገዛሁት በውክልና ነበር። ሻጩ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ "ስሙን በኋላ ታዞሪዋለሽ፣ ወጪ ይቀንስልሻል" አሉኝ። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ 8 ወር ቆየሁ። ከዚያ ሰውየው አረፉ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። ወራሾቹ መኪናዋ የአባታችን ናት አሉ። ፍርድ ቤት 2 ዓመት ተመላለስኩ። ያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ ቆማ ጎማዋ መሬት ነካ።

ስለዚህ ሽያጩን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙ፣ ስሙንም ወዲያው አዙሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አጣሩ። ያልተከፈለ ቅጣትና ቦሎም ጠይቁ። ደላላው ቢያጣድፋችሁ፣ "ሌላ ገዢ መጣ" ቢላችሁ፣ ይምጣ በሉት።

ነርሷ ከጀሞ

ይኸው ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ኮሚቴው ለቆጣሪው "እናስብበት" ስላለ ኤሌክትሪኩ ቀረ። ባለቤቴም የ7 ሊትሩን ሒሳብ አይቶ ብድሩን ተወው።

ሦስት ቪትዝ አየን። የመጀመሪያዋ ታጥባ ታብረቀርቅ ነበር። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሰውየው "ከሱቅ ስመለስ ነው" አለ። ተሰናበትነው። ሁለተኛዋን መካኒክ ይዘን ሄድን፣ የመሪዋ ዘንግ ሥር ብየዳው እንደ ተቆነጠረ ሊጥ ተለጥፏል። ከመሪው የተነሳ ተውናት እንጂ ሞተሯ ደህና ነበር።

ሦስተኛዋ ባለቤቷ መምህርት ናቸው። የ2003 ሞዴል፣ 1 ሊትር፣ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ። ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዟል፣ ግራ በሯ ተጭሯል። ግን ዘይት በቀየሩ ቁጥር ቀኑንና ኪሎሜትሩን የጻፉበት ደብተር አውጥተው ሰጡን፣ 9 ዓመት ሙሉ አንድም አልዘለሉም። በቀዝቃዛ ሞተር አንዴ ስንሞክራት ተነሳች። 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ተስማማን። እሳቸውም ባለቤታቸውም ፈረሙ፣ ስሙም በእኔና በባለቤቴ ዞሯል። የፊት ጎማዎቿ 1115 ይላሉ፣ ሁለቱንም ቀየርን። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፊት ፍሬን ሸራ ተቀየረ። ስፖኪዮዎቿ ላይ የታርጋ ቁጥሯን አስቀረጽን። ከተቀማጫችን ግማሽ በላይ አለ።

ባለፈው ማክሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረኛ ሆኜ በራሴ መኪና ሄድኩ። ጠዋት ሳልቆም ቤቴ ገባሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ግቢ ውስጥ መሪውን ጨርሼ ስጠመዝዝ ከፊት ቀኝ ጎማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ቀጥ ብላ ስትሄድ የለም። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ልንሄድ አስበናል።

መካኒክ ከሳሪስ

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ደብተሩን ቀጥዪበት። ድምፁ የአክስሏ ጫፍ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ላይ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ላስቲክ አለ። እሱ ሲቀደድ ግራሶው ይፈስና አቧራ ይገባል። መሪውን ወደ ግራ ጨርሰሽ አቁሚያትና ከጎማው ጀርባ በስልክሽ መብራት እዪ። ላስቲኩ ተቀዶ ጥቁር ግራሶ ቸርኬው ላይ ከተረጨ እሱ ነው። ድምፅ ከጀመረ በኋላ ላስቲክ ብቻ መቀየር አይበቃም፣ ጫፉ አብሮ ይቀየራል። ሳይሠራ ደብረ ብርሃን እንዳትሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት አምጪያት፣ ዕቃውን አብረን ሄደን እንገዛለን።